እጅና አንደበቱ ለከዱት ሰው የሌሊት መጥሪያ ማዘጋጀት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የወንድሜ የመተንፈሻ ጭንብል ተንሸራቶ አየሩ ዓይኑ ውስጥ ይነፍስ ጀመር። እጁን ማንሳት አይችልም፤ ድምፁም ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር። ጣቱ ላይ በክር ያሰርንለት ቃጭል አንሶላው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል። እኔ ከእሱ ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተኝቻለሁ። ነግቶ ስነሳ ዓይኖቹ ደም መስለው፣ እንባው በጆሮው ሥር ወርዶ ደርቆ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሙሉ?» ብዬ ስጠይቀው ዓይኑን አራት ጊዜ ጨፈነልኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሞክረናል። ከታች የጻፍኩት ከሙከራው የተረፈው ነው። ኤ.ኤል.ኤስ (ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ሕመም)፣ ስትሮክ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ከሕፃንነት በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ወይም የአከርካሪ ጉዳት ያለበትን፣ ጮኾ መጥራት የማይችልን ሰው ሌሊት ለሚያስታምም ሁሉ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ፦ ምንም ዕቃ ሳትገዙ አንድ እንቅስቃሴ ፈልጉ

አብዛኛው ቤተሰብ ከዕቃው ይጀምራል። ውጭ ያለ ዘመድ ውድ መጥሪያ ይልካል፣ ጣት ስለማይጫነው ኮመዲኖ ላይ አቧራ ይጠጣል። መጀመር ያለበት ግን ከሰውየው አካል ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሌሊት፣ በጨለማ፣ ተኝቶ፣ ደክሞትና ብርድ ልብስ ለብሶ ደጋግሞ ሊያደርገው የሚችለው እንቅስቃሴ የቱ ነው? ቀን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የሚያንቀሳቅሰው ጣት ሌሊት ሲጋደም ላይታዘዘው ይችላል። ስለዚህ ፍለጋውን ቀን አታድርጉት።

ማታ በሚተኛበት አኳኋን፣ በሚተኛበት ትራስ አጋድሙት። ከላይ ወደ ታች ሂዱ፦ ቅንድብ፣ ጉንጭ፣ መንጋጋ፣ ጭንቅላትን ወደ ጎን ማዞር፣ ትከሻ፣ አውራ ጣት፣ ጉልበት፣ የእግር ጣት። በእያንዳንዱ ቦታ መዳፋችሁን አስጠግታችሁ «አሁን» በሉት። መዳፋችሁ ከዓይናችሁ ይልቅ ይነግራችኋል፤ የወንድሜን የጉልበት እንቅስቃሴ ማናችንም አላየነውም ነበር፣ እጄን ከጉልበቱ ሥር ሳስገባ ነው ወደ ታች ሲጫነኝ የተሰማኝ።

ያገኛችሁትን እንቅስቃሴ 10 ጊዜ አስደርጉት፣ በመሐል እያሳረፋችሁ። ሦስት ነገር ተመልከቱ። ሲባል ያደርገዋል? ሳይባል ዝም ይላል? ካደረገውስ በኋላ መልሶ ይለቀዋል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ተጭኖ መልቀቅ የማይችል ሰው አንዴ ከጠራ በኋላ ሁለተኛ መጥራት አይችልም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ሞክሩ፤ ድካም ብዙ ነገር ይለውጣል። በቀኝ ጎኑም፣ በግራ ጎኑም፣ በጀርባውም እያስተኛችሁ ሞክሩት።

እንደ ሕመሙ ዓይነት መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር ይለያያል። በስትሮክ አንዳንዱ ሰው የተጎዳውን ጎን ጭራሽ ልብ አይለውም፤ እዚያ በኩል የተቀመጠ ደወል ለእሱ የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በደህናው ጎን ይሁን። ንግግር የመረዳት ችሎታውም ከተነካ «ስትፈልግ ተጫን» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቀን ቀን እየተጫነ፣ እናንተም ወዲያው እየመጣችሁ በተግባር ይልመደው። በሴሬብራል ፓልሲ ችግሩ የእንቅስቃሴ ማጣት ሳይሆን ያለ ፈቃድ የሚመጣው እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል፤ እጁ የሚወራጭ ከሆነ ጭንቅላቱን ወይም ጉልበቱን ሞክሩ፣ ሰፊ መጫኛም አድርጉለት። አከርካሪው ከአንገት አካባቢ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱንና አፉን ያዛል። በኤ.ኤል.ኤስ ደግሞ ዛሬ ያገኛችሁት እንቅስቃሴ ከጥቂት ወራት በኋላ ላይኖር ስለሚችል ይህን ፍተሻ ቢያንስ በየወሩ ድገሙት።

ቀጥሎ፦ ለእንቅስቃሴው የሚስማማ መጫኛ

ማንኛውም የሌሊት መጥሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሰውየው የሚነካው መጫኛ ነው፣ ሌላው የሚጮኸው ደወል ነው። ሁለቱን ለያይታችሁ ካሰባችሁ ነገሩ ይቀልላችኋል፤ እንቅስቃሴው ሲለወጥ የምትቀይሩት መጫኛውን ብቻ ነው።

ለአካል ጉዳተኞች ተብለው የሚሠሩ መጫኛዎች አብዛኞቹ ጫፋቸው እንደ ድሮው የሞባይል ጆሮ ማዳመጫ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ይቻላል። ለጭንቅላትና ለጉልበት እንደ ብስኩት ክብ የሆነው ይስማማል። ለደካማ ጣት በትንሽ ንክኪ የሚሠራ አለ። በትራስ ሥር የሚገባ ለስላሳም አለ። አንገቱ ብቻ ለሚታዘዝለት ሰው በቱቦ ሲመጥጡት ወይም ሲነፉበት የሚሠራ ይገኛል፤ ከንፈሩን መግጠም የማይችል ሰው ግን ይህ አይሆነውም፣ ጭንብል ለሚያደርግም እንዲሁ። ምንም ሳይጫኑት ጉንጭ ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ የኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን የሚሠራ) መሣሪያም አለ። ኤ.ኤል.ኤስ የነበረበት የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እጁ ከደከመ በኋላ ኮምፒውተሩን ያዝዝ የነበረው መነጽሩ ላይ በተተከለ እንዲህ ባለ መሣሪያ ነው፣ በጉንጩ።

አገር ቤት ላለን እነዚህን በሱቅ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ አሳያችኋለሁ።

ከመድኃኒት ካርቶን መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ቁረጡ። የእያንዳንዱን አንድ ገጽ ምግብ በሚሸፈንበት ፎይል አልብሱ፣ ሳይጨማደድ። የተላጠ ቀጭን ሽቦ ጫፍ ከካርቶኑ ጠርዝ በኩል ፎይሉ ላይ አስተኙና በፕላስተር አጥብቁ፤ ለአንዱ ካርቶን አንድ ሽቦ፣ ለሌላው ሌላ ሽቦ። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሳሳ ያለ ቁራጭ ወስዳችሁ መሐሉን የቡና ሲኒ አፍ በሚያህል ብሱት። ፎይሎቹ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርጋችሁ ስፖንጁን በመሐል አስገቡና ዙሪያውን በፕላስተር ያዙት። ሲጫን ፎይሎቹ በስፖንጁ ቀዳዳ በኩል ይነካካሉ፣ ሲለቀቅ ስፖንጁ ይለያቸዋል። ስፖንጁን ባሳሳችሁ ቁጥር በትንሽ ጉልበት ይሠራል። ላብና ምራቅ እንዳይገባው በላስቲክ ጠቅልሉት። ፎይሉ በጊዜ ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል፤ ሁለት ሠርታችሁ አንዱን ለመጠባበቂያ አስቀምጡ።

ደወሉ፦ ተራ የሽቦ አልባ የበር ደወል

በኔ አስተያየት ሌሊት ከስልክ አፕና ከዋይፋይ ይልቅ ተራው የበር ደወል ይታመናል። ኔትወርክ ቢጠፋም ይጮኻል። ስልክ ድምፁ ተዘግቶ ያድራል፣ ራሱን አድሶ ይዘጋል፣ ባትሪው ያልቃል። የበር ደወል ሥራው አንድ ነው።

ስትገዙ ይህን ተመልከቱ። የሚጫነው ክፍል፣ ላኪው፣ ባትሪ ያለው ይሁን፤ አንዳንዱ ላኪ ባትሪ የለውም፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከመጫኑ ጉልበት ነው፣ እሱ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የሚጮኸው ክፍል፣ ተቀባዩ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ይሁን፣ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ድምፁ የሚጨመርና የሚቀነስ ይሁን። ለአንድ ላኪ ሁለት ተቀባይ ማገናኘት የሚቻልበትን ካገኛችሁ አንዱን አስታማሚው ራስጌ፣ ሌላውን ሌላ ክፍል ታደርጋላችሁ።

አሁን የላኪው ቁልፍ ለደካማ ጣት ከባድ ስለሆነ ሌላ መጫኛ እንዲሰካበት እንከፍተዋለን። ሥራው ለሬዲዮ ወይም ለሞባይል ጠጋኝ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ምን እንደምትፈልጉ ቆማችሁ ማስረዳት አለባችሁ።

1. ባትሪውን አውጥታችሁ የላኪውን ክዳን በቀጭን ካቻቪቴ ክፈቱ። ውስጡ ትንሽ ሰሌዳ አለ፣ ላዩ ላይ አራት እግር ያላት አራት ማዕዘን ቁልፍ ትታያለች። ስትጫን ቀጭ የምትለው እሷ ናት።

2. ባትሪውን መልሱ። በአጭር ሽቦ ሁለት እግሮችን አነካኩ። አራቱ እግሮች ሁለት ሁለት ሆነው ከውስጥ የተያያዙ ስለሆኑ በማዕዘን የሚተያዩትን ሁለቱን ምረጡ። ስታነካኩ ተቀባዩ ከጮኸ ትክክለኛዎቹን አግኝታችኋል።

3. ባትሪውን እንደገና አውጡና በእነዚያ ሁለት እግሮች ላይ ሁለት ቀጭን ሽቦ አስበይዱ። የሽቦዎቹ ሌላ ጫፍ የጆሮ ማዳመጫ በሚሰካበት 3.5 ሚሊ ሜትር ሴት ጃክ ላይ ይበየዳል፦ አንዱ የሶኪው (የሚሰካው ወንዱ ክፍል) ጫፍ በሚነካው እግር፣ ሌላው የሶኪው ግርጌ በሚነካው።

4. ሽቦው ሲጎተት ብየዳው እንዳይነቀል ከክዳኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ቋጥሩት፣ ከዚያ በክዳኑ ጠርዝ ቀዳዳ አውጥታችሁ ዝጉት። የድሮው ቁልፍ አሁንም ይሠራል፤ ተቀባዩ ጤነኛ መሆኑን በእሱ ትፈትናላችሁ።

5. የፎይሉን መጫኛ ሁለት ሽቦዎች በወንዱ ሶኪ ላይ አስበይዱና ሰኩት።

በሁለት ጎን እየተገላበጠ ለሚያድር ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ሁለት ሰው በአንድ ስልክ ሙዚቃ የሚሰማበትን የጆሮ ማዳመጫ መከፋፈያ ሰኩበትና ሁለት መጫኛ አድርጉ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። የትኛውም ቢጫን ደወሉ ይጮኻል።

የአልጋው ወገን ምንጊዜም በትንሽ ባትሪ ብቻ የሚሠራ ይሁን። ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተያያዘ ሽቦ ራሱን ማንቀሳቀስ ከማይችል ሰው አጠገብ አታሳድሩ። ሽቦውም በአንገቱ በኩል አይለፍ፤ ከአልጋው ጎን ወደ እግርጌ ወስዳችሁ ከፍራሹ ጋር እሰሩት።

ቦታው እንዳይሸሽ

የኛ ቃጭል የከዳን ደወልነቱ ስላነሰ አይደለም፤ ቦታውን ስለለቀቀ ነው። መጫኛው ከተኛው ሰው ጋር ሳይሆን ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ይታሰር። ለጭንቅላትና ለጉንጭ፣ ከአልጋው ብረት ወይም እንጨት ጋር የሚነክስ ተጣጣፊ የሞባይል ማቆሚያ ግዙ፤ ስልኩ በሚቀመጥበት ላይ መጫኛውን በፕላስተር እሰሩ። ጭንቅላቱን ለሚያዞር ሰው ከጉንጩ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ ከተጠጋ እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ ይወድቅበታል፣ ከራቀ አይደርስበትም። ለጉልበት ደግሞ መጫኛውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ከጉልበቱ ሥር፣ ከአንሶላው በታች አድርጉ፤ ፍራሽ ላይ ብቻውን ከተቀመጠ ይሰምጣል፣ አይጫንም።

ብርድ ልብሱን አትርሱ። ጋቢና ብርድ ልብስ ተደርቦ ደካማ እግር ላይ ሲጫን እንቅስቃሴውን ይውጠዋል። መጨረሻ ላይ አልብሳችሁ ካበቃችሁ በኋላ ነው የሚሞከረው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ቆዳውንም እዩ፤ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ የሚነካ ጠንካራ ጠርዝ ያቆስላል፣ ጠዋት ቀይ ምልክት ካያችሁ ጠርዙን በጨርቅ ሸፍኑት ወይም ቦታውን ቀይሩ።

መብራት ሲሄድ

ከግድግዳ ሶኬት ብቻ የሚሠራ ተቀባይ መብራት በሄደ ቁጥር ዝም ይላል፣ ዝም ማለቱንም ማንም አያውቅም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ያልኩት ለዚህ ነው። «ፓወር ባንክ ላይ እሰካዋለሁ» የሚል ይኖራል፤ እኛም ብለናል። ብዙ ፓወር ባንክ ግን የተሰካበት ዕቃ በጣም ትንሽ ኃይል ሲወስድ ሥራው ያለቀ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ደወል የሚወስደው ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። ፓወር ባንክ መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ መቆየቱን መጀመሪያ በሌላ ሌሊት፣ ሌላ ሰው ነቅቶ እያደረ ፈትኑት።

ላኪው ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነው ሲአር 2032 ወይም አጭሩ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እስኪሞት አትጠብቁ፤ የምትቀይሩበትን ቀን በካሌንደር ምልክት አድርጉ፣ ተለዋጭም መሳቢያ ውስጥ ይኑር። መጫኛው ሌሊቱን ሙሉ ተጭኖ ካደረ ባትሪው ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል እንዲህ ያለ ሌሊት ካለፈ በማግሥቱ ፈትሹ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ሜዳ ላይ የተለካ ነው። በብሎኬትና በኮንክሪት ግድግዳ መሐል በጣም ይቀንሳል። በሮችን ሁሉ ዘግታችሁ፣ አስታማሚው በሚተኛበት አልጋ ላይ ሆናችሁ ሞክሩ።

ማታ ማታ፦ ራሱ ይደውል

ይህን እንደ ጸሎት ያዙት። መብራቱን ከማጥፋታችሁ በፊት፣ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ፣ እጃችሁን አውርዳችሁ «ጋሼ፣ ደውል» በሉ። የሚደውለው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ሁለት ጊዜ ይደውል፤ ሁለተኛው መልቀቁን ያረጋግጣል። ካልጮኸ ማንም አይተኛም። በሌሊት ገልብጣችሁት ከሆነም ተመልሳችሁ ከመጋደማችሁ በፊት እንደገና ይደውል። ደወል አለኝ እያለ የማይሠራ ደወል ይዞ ማደር ደወል ከሌለው ይብሳል፤ ሁሉም ተማምኖ ይተኛልና።

ስትስማሙ ይህንንም ጨምሩ፦ አንድ ጊዜ ከተደወለ «ና፣ ግን አትሩጥ» ማለት ነው፤ ተከታትሎ ከተደወለ አየር ወይም ምራቅ ነው፣ ሩጥ። ሁለት አስታማሚ ካላችሁ ሌሊቱን ተካፈሉ፤ በየሌሊቱ የሚቀሰቀስ አንድ ሰው በስተመጨረሻ ደወሉን በእንቅልፉ ውስጥ መስማት ያቆማል። ጆሮው ለከበደ አስታማሚ በትራስ ሥር የሚንቀጠቀጥ ተቀባይ አለ።

ከመጣችሁ በኋላ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ

ተጠርታችሁ ስትመጡ እሱ መናገር አይችልም፣ እናንተም እንቅልፍ ተጫጭኗችኋል። ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ዝርዝር በአልጋው ራስጌ ለጥፉ፣ በጣም አስቸኳዩ በመጀመሪያ፦ አየር ወይም ጭንብል፣ ምራቅ፣ ሕመም፣ መገላበጥ፣ ሽንት፣ ብርድ ወይም ሙቀት፣ ማሳከክ፣ ሌላ። እያነበባችሁ ዓይኑን እዩ፤ አዎ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል ወይም ወደ ላይ ያያል፣ አንዱን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከተለማመደው በኋላ ቅደም ተከተሉን ስለሚያውቀው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

«ሌላ» ካለ ፊደል ነው። የኛ ፊደል ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል፤ ቤቱና ድምፁ ተለይቶ ተደርድሯል። ከ33ቱ ቤቶች ድምፃቸው የሚደጋገመውን ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ብትተዉ 27 ይቀራሉ። 27ቱን በአራት መስመር ጻፉ። «አንደኛ መስመር? ሁለተኛ መስመር?» ብላችሁ ዓይኑን ሲጨፍን በዚያ መስመር ያሉትን ቤቶች ጥሩ፤ ቤቱ ከተገኘ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ቁጠሩ። «ትራስ» ለማለት ተ ቤት፣ ሳድስ፤ ረ ቤት፣ ራብዕ። ከዚያ በኋላ «ትራስ ነው?» ትሉታላችሁ፣ ያልቃል። መገመት ነውር የለውም፣ ግን ገምታችሁ ሳትጠይቁ አታድርጉ።

ሁለተኛ ጠባቂ

ደወሉ የሚሠራው ሰውየው ነቅቶ፣ አቅም ኖሮት፣ መጫኛውም ቦታው ላይ ሲሆን ነው። ሦስቱም የማይሟሉበት ሰዓት አለ። ስለዚህ መገላበጥ ያለበትን ሰው ደወል እስኪደወል አትጠብቁ፤ በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ነው፣ ፍራሹንና ቆዳውን እያየ ሐኪሙ ሊያረዝመው ይችላል። ሰዓቱን በስልካችሁ ሙሉ። የመተንፈሻ መሣሪያ ካለው ጭንብሉ ሲወልቅ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ እንዳለውና መከፈቱን መሣሪያውን የሰጣችሁን ባለሙያ ጠይቁ፤ በኛ ላይ ያ ሌሊት በደረሰ ጊዜ መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ነበረው፣ ተዘግቶ ነው የመጣልን። ማቃሰት ወይም ማንኮራፋት የሚችል ሰው ካለ ደግሞ የሕፃናት ድምፅ መከታተያ በተጨማሪነት ጥሩ ነው፣ በደወሉ ምትክ ግን አይሁን።

ከዓይን በቀር ምንም የማይንቀሳቀስለት ሰው ቀን በዓይን በሚታዘዝ ኮምፒውተር ይጠራል። ሌሊት ግን ስክሪኑ ያበራል፣ ወደ ጎን ሲተኛ ካሜራው ዓይኑን ያጣዋል። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ሰው እዚያው ክፍል ተኝቶ በተወሰነ ሰዓት እየነቃ ማየቱ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። ይህን ማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ለአስታማሚው ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ያላችሁ፣ በየግዛቱ አጋዥ መሣሪያ ለሙከራ የሚያውስ ፕሮግራም ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት ተውሳችሁ ሞክሩ። እስራኤል ያላችሁ ያድ ሳራ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ጠይቁ፣ የሕክምና መገልገያ በውሰት ይሰጣል። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የአረጋውያን መጥሪያ ለመግዛት ካሰባችሁ ግን ልብ በሉ፦ ሲጫኑት አንድ ሠራተኛ በድምፅ ማጉያ «ምን ልርዳዎት?» ይላል። መልስ መስጠት ለማይችል ሰው፣ ድርጅቱ «ይህ ደንበኛ አይናገርም፣ ዝም ካለ ለእገሌ ደውሉ» የሚል ማስታወሻ መዝገቡ ላይ ካላስገባ ከንቱ ነው። ማስታወሻውን አስገቡ፣ ከዚያም ደውላችሁ ፈትኑ።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት

እናንተ ባልኖራችሁበት ሌሊት ለሚያድር ሰው በትልቁ ጻፉለት፦ መጫኛው የት እንደሚቀመጥ፣ ከተቻለ ከፎቶ ጋር፤ አዎ እና አይደለም የሚልበት ምልክት፤ የጥያቄው ዝርዝር፤ ተለዋጭ ባትሪው ያለበት መሳቢያ፤ የጎረቤት ስልክ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። «ከመተኛትህ በፊት ራሱ ሁለት ጊዜ ይደውል» የሚለውን ከላይ አስቀምጡት።

የጋሼ መጫኛ በመጀመሪያ በቀኝ አውራ ጣቱ ሥር ነበር፣ ከዚያ ወደ ጉልበቱ ወረደ። ባለፈው ወር ፍተሻ ጉልበቱ ከ10 ስድስት ጊዜ ብቻ ታዘዘለት፣ ጉንጩ ግን አሥሩንም አደረገው። ማቆሚያውን ገዝተናል፤ በዚህ ሳምንት በሁለቱም መጫኛ እያደረ ነው፣ ጉንጩን እስኪለምደው ድረስ።